አንድ አሸዋ፣ ሁለት ዓይነት ኤሊ፦ የአርቺ ካር የዱር እንስሳት መጠለያ የጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከሜልቦርን ቢች እስከ ዋባሶ ቢች በሚዘልቀው 33 ኪሎ ሜትር ገደማ የባህር ዳርቻ ላይ በየዓመቱ ብዙ ሺህ የባህር ኤሊዎች ከውቅያኖስ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። ቦታው በምሥራቅ የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በምዕራብ ደግሞ ኢንዲያን ሪቨር ላጉን የሚባለው ሐይቅ መሰል ጨዋማ ውሃ የሚያዋስኑት ረጅምና ቀጭን ደሴት ሲሆን፣ በመካከሉ አውራ ጎዳና ያልፍበታል፤ ከጎዳናው ግራና ቀኝም መኖሪያ ቤቶች ተሠርተውበታል። ይህ ዳርቻ ከ1991 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአርቺ ካር ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ተብሎ በአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ሥር ይጠበቃል።

ቦታውን ለጥናት ተመራጭ የሚያደርገው የጎጆው፣ ማለትም ኤሊዋ ቆፍራ እንቁላሏን የምትቀብርበት የአሸዋ ጉድጓድ፣ ብዛት ብቻ አይደለም። በዚህ አሸዋ ላይ በዋናነት የሚራቡት ሁለት ዓይነት ኤሊዎች ናቸው። አንደኛው አረንጓዴው የባህር ኤሊ ነው፤ ሁለተኛው በትልቅ ጭንቅላቱና በጠንካራ መንጋጋው የሚታወቀው ሎገርሄድ ነው። ሌዘርባክ የተባለው ግዙፍ ኤሊም ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ዋነኞች የሚጠበቁት በአንድ ዳርቻ፣ በአንድ ሕግና በአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ሃምሳ ጎጆ እንኳ የማይሞላው አረንጓዴው ኤሊ በ2017 ከ15,000 በላይ ጎጆ ሲያስመዘግብ፣ ድሮም በብዛት የነበረው ሎገርሄድ በፍሎሪዳ ዳርቻዎች ከ1998 በኋላ ባሉት ዘጠኝና አሥር ዓመታት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ አሽቆልቁሎ ነበር። አንድ ዓይነት ጥበቃ እየተደረገላቸው አንዱ ሲያንሰራራ ሌላው ለምን ቀነሰ? እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ስለዚህ መጠለያ ከሚነሱት ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ መመለስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ አረንጓዴው ኤሊ ሥጋው ተወዳጅ፣ ሾርባውም በሰሜኑ ከተሞች ትልቅ ዋጋ የሚያወጣ በመሆኑ፣ የላጉኑ ዓሣ አጥማጆች በመረብ እየያዙ ከነሕይወቱ ይልኩት ነበር። በሴባስቲያን ከተማ አቅራቢያ አንድ አጥማጅ በ1886 ወደ 2,500 የሚጠጉ ኤሊዎችን እንደያዘ፣ በ1895 ግን ስምንት መረብ ዘርግቶ ያገኘው 60 ብቻ እንደነበር በዘመኑ ስለ ላጉኑ ዓሣ ሀብት የቀረበ ዘገባ ያስረዳል። በዚያው ሰሞን የጣለው ያልተለመደ ብርድም ጉዳቱን አባብሶታል፤ መነሻው ግን የመረቡ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ አረንጓዴው ኤሊ በፍሎሪዳ ለረጅም ጊዜ እንደ ብርቅ የሚታይ እንስሳ ሆኖ ቆየ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከዚያው ከሴባስቲያን ፊት ለፊት፣ በላጉኑ ውስጥ የምትገኘው ፔሊካን ደሴት በ1903 በፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ትእዛዝ የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ሆናለች። ላባቸው ለሴቶች ባርኔጣ ይፈለግ ስለነበር የሚታደኑት ወፎች በዚያ ዓመት መጠጊያ ሲያገኙ፣ ከደሴቷ ሥር ባለው ውሃ የሚመገበው ኤሊ ግን የፌዴራል ሕግ ከለላ እስኪያገኝ ሰባ አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በ1973 የወጣው ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቀው ሕግ በ1978 በፍሎሪዳ የሚራባውን አረንጓዴ ኤሊ ለመጥፋት በተቃረቡት፣ ሎገርሄድን ደግሞ ለስጋት በተጋለጡት መዝገብ ውስጥ አስገባ።

ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ኤሊዎቹ የት እንደሚራቡ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። በማዕከላዊ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ልዌሊን ኤርሃርት ተማሪዎቻቸውን ይዘው በ1982 ከሜልቦርን ቢች በስተደቡብ ያለውን 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳርቻ መቁጠር ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው ቆጠራውን እስከ ዛሬ አላቋረጠም። አሠራሩ ቀላል ይምሰል እንጂ ትዕግሥትና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ፀሐይ ሳትወጣ በባለአራት ጎማ ሞተር ተነሥተው፣ ነፋስና የሰው እግር ሳያጠፉት ኤሊዋ በሌሊት አሸዋው ላይ የተወችውን ዱካ ያነባሉ። አረንጓዴው ኤሊ ሁለቱን የፊት መቅዘፊያ እግሮቹን በአንድ ጊዜ እየወረወረ ስለሚሳብ ዱካው ግራና ቀኙ ትክክል የሆነ፣ በመካከሉ ጅራቱ የነካካበት ምልክት ያለበት ነው። ሎገርሄድ እግሮቹን እያፈራረቀ ስለሚሄድ ዱካው ግራው ከቀኙ ይበላለጣል። ኤሊዋ ወጥታ አሸዋውን ሞክራ፣ አንድ ነገር አስደንግጧት ሳትጥል ተመልሳ ከሆነ ዱካው አለ፤ የተገለበጠ አሸዋ ግን የለም፤ ይህ እንደ ጎጆ አይቆጠርም። አረንጓዴዋ ኤሊ ከመጣሏ በፊት ሰውነቷን የሚውጥ ጥልቅ ጉድጓድ ስለምትቆፍርና ጥላ ስትጨርስም ብዙ አሸዋ ወደ ኋላ ስለምትወረውር፣ ትታው የምትሄደው ቦታ ከሎገርሄድ ጎጆ ይልቅ የታረሰ ይመስላል።

ቆጠራው እንደተጀመረ ከታወቁት ነገሮች ዋነኛው ይህ ዳርቻ በዩናይትድ ስቴትስ ሎገርሄድ በብዛት ከሚራባባቸው ቦታዎች ሁሉ የላቀ መሆኑ ነው። በአገሪቱ ከሚጣለው የሎገርሄድ ጎጆ ሩብ ያህሉ በዚህ ጠባብ መሬት ላይ ይገኛል። የሚያስጨንቀው ነገር ታዲያ ይህ መሬት በዚያው ጊዜ ለሽያጭ መቅረቡ ነበር። የ1980ዎቹ ፍሎሪዳ ዳርቻውን ለሆቴልና ለመኖሪያ ሕንፃ በፍጥነት እየከፋፈለ የሚሸጥበት ጊዜ ስለነበረ፣ ቆጣሪዎቹ በየማለዳው ዱካ ከሚያነቡበት አሸዋ በላይ የግንባታ ካስማዎች ይተከሉ ነበር።

መጠለያው የተሰየመላቸው ዶክተር አርቺ ካር በ1987 ያረፉት ይህ ሥጋት እየበረታ በሄደበት ወቅት ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት እኚህ የእንስሳት ተመራማሪ፣ የባህር ኤሊ ጥናት ዛሬ የደረሰበት ደረጃ ላይ እንዲደርስ ከማንም በላይ የደከሙ ሰው ናቸው። ዋናው የመስክ ሥራቸው በኮስታ ሪካ ቶርቱጌሮ ዳርቻ ላይ ሲሆን፣ በ1959 የተቋቋመውና ዛሬ የባህር ኤሊ ጥበቃ ማኅበር ተብሎ የሚጠራው ድርጅት የተወለደውም ከዚያ ሥራ ጋር ነው። በ1960ዎቹ የቶርቱጌሮን ጫጩቶች በአሜሪካ ባህር ኃይል አውሮፕላን እያስጫኑ በካሪቢያን ዙሪያ ባሉ ዳርቻዎች እስከ መልቀቅ ደርሰው ነበር፤ ይህ ዘመቻ በአዲስ ቦታ የሚራባ መንጋ ማስገኘቱ ግን አልተረጋገጠም። በስማቸው የተሰየመው መጠለያ የተከተለው መንገድ የተለየ ነው። ኤሊውን ወደ ሌላ ቦታ አላዘዋወረም፤ ኤሊው ራሱ የመረጠውን ቦታ ይዞ አቆየለት።

ይህን ማድረግ ግን ባዶ መሬት አጥሮ ፓርክ እንደ ማለት ቀላል አልነበረም። ዳርቻው የግለሰቦች ንብረት ነው፤ ዋጋው ውድ ነው፤ ብዙው ክፍሉም ቀድሞ ተሠርቶበታል። ስለዚህ የተመረጠው ዘዴ ያልተሠራባቸውን ቦታዎች ለመሸጥ ፈቃደኛ ከሆኑ ባለቤቶች አንድ በአንድ መግዛት ሆነ። የፌዴራል መንግሥቱ የራሱን ድርሻ ሲያወጣ፣ የፍሎሪዳ ግዛት በመሬት ግዢ ፕሮግራሙ ገባበት፤ ሪቻርድ ኪንግ ሜለን ፋውንዴሽን የተባለው የግል በጎ አድራጎት ድርጅትም ቦታ ገዝቶ ሰጠ። ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ አብዛኛው የመጠለያው ክፍል የሚገኝበት የብሬቫርድ አውራጃ ነዋሪዎች ውሳኔ ነው። በ1990 ለድምፅ የቀረበላቸውን ጥያቄ ተቀብለው፣ ለአደጋ የተጋለጡ መሬቶችን ለመግዛት በገዛ ንብረታቸው ላይ ተጨማሪ ግብር ጣሉ፤ በ2004ም ደገሙት። ከዚህ ሁሉ የተገኘው መጠለያ በካርታ ላይ ሲታይ አንድ ወጥ ይዞታ አይደለም፤ ቤት፣ ከዚያ የተጠበቀ ቦታ፣ ከዚያ እንደገና ቤት እያለ የሚሄድ ቁርጥራጭ ነው።

ቁርጥራጭ መሆኑ ደካማ ጎኑ እንደሆነ ብዙ ይባላል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስገድዷል። መጠለያው መሬቱን በሙሉ መግዛት ስላልቻለ፣ የተቀረውን ሥራ የግድ ከጎረቤቶቹ ጋር መሥራት ነበረበት። ከዚህ ሥራ ውስጥ ዋነኛው የጨለማ ጉዳይ ነው። ጫጩቶቹ ከአሸዋ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ሲሆን፣ ባህሩ በየት በኩል እንዳለ የሚያውቁት ይበልጥ ብሩህ ሆኖ ከሚታያቸው ዝቅተኛ አድማስ ነው። ሰው ሠራሽ መብራት በሌለበት ዳርቻ ይህ ብሩህ አድማስ ሁልጊዜ ውቅያኖሱ ነው፤ የበረንዳ አምፖል በበራበት ግን ወደ ቤቱና ወደ መንገዱ ይዞራሉ፤ በመኪና ይደፈጠጣሉ፣ ወይም ሲነጋ ፀሐይ ያደርቃቸዋል። እናቲቱም ብትሆን ብርሃን ወደበዛበት ዳርቻ መውጣት ትፈራለች። አውራጃው በ1980ዎቹ አጋማሽ ከማንም ቀድመው የዳርቻ መብራት ደንብ ካወጡት የፍሎሪዳ አስተዳደሮች አንዱ ነው። ደንቡ መብራት አይኑር አይልም፤ ከዳርቻው እንዳይታይ ዝቅ ብሎ ይሰቀል፣ ይከለል፣ ከነጭ ይልቅ ወደ ብርቱካናማና ቀይ ያደላ ቀለም ይኑረው ነው የሚለው፤ ኤሊዎች እንደነዚህ ላሉ ቀለሞች የማየት ችሎታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ። በኤሊ ወቅት፣ ማለትም ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ ማታ ማታ መጋረጃቸውን የሚዘጉት ነዋሪዎች ለጥበቃው የሚያደርጉት አስተዋጽኦ ከመሬት ግዢው ያነሰ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሁለቱ ኤሊዎች እንመለስ። የባህር ኤሊ ለመራባት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ በዚህ አካባቢ አረንጓዴዋም ሎገርሄድም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዳርቻ ለመውጣት ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። ከዚያ በኋላም በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ነው የምትጥለው፤ በመጣችበት ዓመት ግን በሁለት ሳምንት ልዩነት ብዙ ጊዜ እየወጣች በእያንዳንዱ ጎጆ መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትተዋለች። ከጫጩቶቹ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ከሺህ አንድ ያህል እንደሆነ ይገመታል። እንግዲህ በ1978 በሕግ የተጠበቀ ጫጩት ራሱ ጎጆ ቆፍሮ በቆጠራ ላይ ለመታየት እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። የአረንጓዴው ኤሊ ቁጥር በፍሎሪዳ በፍጥነት መውጣት የጀመረውም በዚህ ጊዜ ላይ ነው። በ2013 በዚህ ዳርቻ ከ10,000 በላይ ጎጆ ሲቆጠር፣ በመላው ግዛት ደግሞ በ2023 ከ76,000 በላይ ተመዝግቧል። ለዚህ መጠለያውን ብቻ ማመስገን ግን ስህተት ይሆናል። አረንጓዴው ኤሊ አድጎ ሣር በል ስለሚሆን ከዳር ብዙ ሳይርቅ በፍሎሪዳና በባሃማስ የባህር ሣር ላይ ይኖራል፤ ዋነኛ ጠላቱ ሥጋውን የሚፈልገው ሰው ነበር። አደኑ ሲከለከል፣ በ1995 በፍሎሪዳ ውሃ ላይ ትላልቅ መረቦች በሕዝብ ድምፅ ሲታገዱ፣ ባሃማስም በ2009 ኤሊ መያዝን ፈጽማ ስትከለክል የሞቱ መንስኤ በአብዛኛው ተነሣለት። ዳርቻውም ሳይነካ ስለቆየለት የሚመለስበት ነበረው።

የሎገርሄድ ሕይወት የተለየ ነው። ጫጩቱ ከዚህ ዳርቻ እንደተነሣ ገልፍ ስትሪም በሚባለው ወደ ሰሜን የሚፈስ የውቅያኖስ ጅረት ላይ ይሳፈርና በሰሜን አትላንቲክ ዙሪያ እስከ አዞርስ ደሴቶች ድረስ ለዓመታት ይንከራተታል። አርቺ ካር እነዚህ ትንንሽ ኤሊዎች የሚጠፉበትን ዘመን ሲመረምሩ ሳርጋሰም በሚባለው ተንሳፋፊ የባህር አረም ውስጥ እንደሚሸሸጉ ቀድመው የጠቆሙ ናቸው። አድጎም ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትንና ሸርጣንን በመንጋጋው እየሰበረ ስለሚበላ፣ ሽሪምፕ የሚጠመድበት የባህር ወለል ላይ ይውላል። በውቅያኖስ መካከል የረጃጅም መንጠቆ ገመድ፣ በዳር የሽሪምፕ መረብ ይጠብቀዋል፤ መረብ ውስጥ ገብቶ ለመተንፈስ መውጣት ያቃተው ኤሊ ይሰጥማል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ የሽሪምፕ መረቦች ኤሊው የሚያመልጥበት መውጫ እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ችግሩ መውጫው ለትላልቅ ሎገርሄዶች ጠባብ መሆኑ ነበር፤ ለመራባት የደረሰችው፣ ለዝርያው ከሁሉ የምትበልጠው እናት ኤሊ አትወጣበትም። ደንቡ ተሻሽሎ መውጫው እንዲሰፋ የተደረገው በ2003 ነው። ለማሽቆልቆሉ የውቅያኖሱ ሙቀትና የምግብ ዑደት መለዋወጥም ድርሻ እንዳለው የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ ተገቢ ነው። የዳርቻው ሁኔታ ግን መንስኤ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም በዚያው አሸዋ ላይ፣ በዚያው ዓመት፣ አረንጓዴው ኤሊ እየበዛ ነበር። ከ2007 ገደማ በኋላ የሎገርሄድ ጎጆ እንደገና ወጥቶ በ2023 በግዛቱ ከ133,000 በላይ ደርሷል። እንግዲህ መጠለያው የሚቆጣጠረው የኤሊውን ሕይወት በጣም አጭርና በጣም ወሳኝ ክፍል ነው። ያ ክፍል ከጠፋ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፤ እሱ ብቻ ስለተጠበቀ ግን ኤሊው አይድንም። የአንድ ዳርቻ ጎጆ ሲጨምር ለዳርቻው ጠባቂ፣ ሲቀንስም ለዳርቻው ጠባቂ ብቻ የሚሰጥ ፍርድ ከዚህ አንጻር ሲታይ ሚዛናዊ አይደለም።

ዛሬ መጠለያውን የሚፈታተነው ዋናው ነገር አሸዋው ራሱ ነው። እንዲህ ያሉ ቀጫጭን ደሴቶች በተፈጥሯቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ማዕበል ከፊት ሲበላቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ከኋላ ቤትና ጎዳና ካለ ግን መሸሻ የለም፤ የቤቱ ባለቤት ግንብ ልሥራ ይላል፤ ግንብ የተሠራበት ዳርቻ ደግሞ ከፊቱ ያለውን አሸዋ ያጣል። በመስከረም 2004 ፍራንሲስና ጂን የተባሉት ሁለት ሀሪኬኖች በሳምንታት ልዩነት ይህንኑ ጠረፍ መቱት፤ በኅዳር 2022 ደግሞ ኒኮል ከወቅቷ ዘግይታ መጥታ የአሸዋውን ጉብታ ብዙ ቦታ ላይ ናደችው። አረንጓዴዋ ኤሊ ከሎገርሄድ ዘግይታ እስከ መስከረም ድረስ ስለምትጥል፣ አውሎ ነፋሱ የሚበዛበት ወር ይበልጥ የሚጎዳው የእርሷን እንቁላል ነው። ከሌላ ቦታ አሸዋ እያመጡ መሙላት ጉብታውን ለጊዜው ይመልሳል፤ ነገር ግን አዲሱ አሸዋ ጠንክሮ ሲረገጥ ወይም ጫፉ እንደ ግድግዳ ሲቆረጥ ኤሊዋ በመጀመሪያው ዓመት ትታው ልትመለስ ትችላለች።

ሙቀቱም አለ። የጫጩቱን ፆታ የሚወስነው የጎጆው ሙቀት ነው፤ ከ29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሆን ሴቶች ይበዛሉ፣ ዝቅ ሲል ወንዶች። የፍሎሪዳ ጎጆዎች ቀድሞም ወደ ሴት ያደሉ ስለነበሩ፣ የጎጆ ቁጥር መብዛቱን ብቻ አይቶ መደሰት ለዚህ ችግር ዓይን መጨፈን ነው። ላጉኑም ቢሆን እንደ ጥንቱ አይደለም፤ ከ2011 ጀምሮ ውሃውን ያጨለመው የአልጌ (በውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ደቃቅ ዕፀዋት መሰል ፍጥረታት) መብዛት አብዛኛውን የባህር ሣር አጥፍቶ በ2021 በፍሎሪዳ ከ1,000 በላይ ማናቲ የተባሉ ግዙፍ ሣር በል የውሃ እንስሳት ለሞቱበት ረሃብ ትልቅ ድርሻ አበርክቷል። ትንንሾቹ አረንጓዴ ኤሊዎች የሚያድጉት በዚሁ ላጉን ነው፤ ብዙዎቹም ዓይናቸውንና አንገታቸውን የሚሸፍን እብጠት በሚያወጣ የቫይረስ በሽታ ይሠቃያሉ። ራኩን የተባለው ትንሽ የዱር እንስሳ እንቁላል መቆፈሩ፣ ሸርጣን ጫጩት መንጠቁ ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በቁጥጥር ሥር ያለ ነገር ነው።

የብሬቫርድ ነዋሪዎች በኅዳር 2022፣ ኒኮል ባለፈችበት በዚያው ሳምንት፣ የመሬት ግዢውን ግብር በከፍተኛ ድምፅ አድሰዋል። በ1991 የነበሩት ባዶ ቦታዎች አብዛኞቹ ወይ ተገዝተዋል ወይ ተሠርቶባቸዋል፤ የቀሩት ጥቂቶች ዋጋቸው ከዚያን ጊዜው ጋር አይወዳደርም። ገንዘቡ ወደፊት በየት ላይ ቢውል እንደሚሻል ስመዝን፣ ቅድሚያውን የምሰጠው አሸዋው ወደ ኋላ ሊሸሽባቸው ለሚችሉት ጥልቀት ያላቸው ቦታዎች፣ ማለትም ከውቅያኖሱ እስከ ላጉኑ ሳይቆረጡ ለሚዘልቁት መሬቶች ነው። ማዕበል የጎዳቸው ቤቶች ባለቤቶችም እንደገና ከመሥራታቸው በፊት፣ መሸጥ የሚፈልጉት በተገቢው ዋጋ የሚሸጡበት አሠራር ቢመቻችላቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በፈቃድ ሻጭና በፈቃድ ገዢ የተጀመረው መንገድ በዚያው መቀጠል ይችላል።